ምላስ ሻጭ

ምላስ ሻጭ ነኝ እኔ፣ ስሜ ድራሆሚራ፤
በብርኖ፣ ትራም ሲያልፍ መስኮቷ የሚያወራ
ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ ከደረጃው ሥር፤
ሁለት ሰው ከገባ፣ ሦስተኛው ደጅ ይደር።

የክላርኔት ምላስ፦ ሸምበቆውን ፍቄ፣
ጫፉን እንደ ጥፍር አሳስቼ፣ ጠንቅቄ፣
በመብራት አየዋለሁ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ፤
ሦስት ሳምንት ይዘምራል፣ ቢበዛም ወር ቢያልፍ፣
ከዚያ ይዝላል።
ይሞታል።
ባለቤቱም ተመልሶ ይመጣል።

ይኸው ነው ምሥጢሩ፤ ሌላ ጥበብ የለኝ፤
የማይሞት ብሸጥ፣ ማን ሊመለስልኝ?

«ገበያሽ ጠባብ ነው፤ በዚህ ሁሉ አገር
ስንት ሰው ይነፋል?» ይሉኛል በነገር።
ባሕር የሚቀዝፍ ባሕሩን ይቅዘፈው፤
የኔ ጉድጓድ ውሃ ነው፤ ቀን በጣሳ ብጨልፈው፣
ሌሊቱን አንጠብጥቦ፣ ሲነጋ ሞልቶ ነው የማገኘው።

መዝገቤን ክፈቱት። ጀርባው በሲባጎ የተሰፋውን።

«ሉድሚላ፦ የታች ከንፈሯ ስስ ነው፣ በብርድ ይሰነጠቃል። ለስለስ ያለ።
ራዲም፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፦ ይነክሳል። ወፈር ያለ። ፈተና ሲደርስ አራት ይወስዳል።
ክቪዶ፣ የሰርግ ባንዱ፦ ዓርብ በዱቤ ወስዶ ሰኞ ይከፍላል። ሰኞ ካልመጣ ሰርጉ ፈርሷል።
አርኖሽት፣ የቲያትር ቤቱ፦ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ አምስት። ከንፈሩ አልተለወጠም።»

አማቼ ዝደኔክ ስሌት ይዞ መጣ፤
«አዲስ ደንበኛ ፈልጊ፤ አሮጌው ምን አመጣ?
ፕላስቲኩን ሽጪ፣ ዓመት የሚኖረውን» አለኝ።
«ዓመት ሙሉ ታዲያ፣ ማን ሊያነጋግረኝ?»

አዲስ ሰው ማባበል ከኪስ ነው የሚያስወጣ፤
አሮጌው በካርድ ነው፣ በአንዲት ቴምብር የሚመጣ።
በሃያኛው ቀን እጽፋለሁ፦ «ምላስህ አልደከመም?»
እሱ ሳያውቀው ነው የማውቅለት፤ ሰው ይህን አይረሳም።
አንድ ሰው አሥር ጊዜ፣ አሥር ሰው ነው በሒሳብ፤
አሥር ሰው አንድ ጊዜ ግን፣ ያለፈ ዝናብ።
እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ሳንቲሟ ሳንቲም ወልዳ፣
ጣሪያዬን አስጠገንኩ፣ ከፈልኩ የባንክ ዕዳ።

በማርች የአርኖሽት ልጅ መጣች፣ የጫማ ካርቶን ታቅፋ።
አለቀሰች ልበል? አላለቀሰችም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ዝናብ ነው።
«እነዚህን መልሰሽ ትገዢያለሽ?»
ክዳኑን አነሳሁት።
የኔ ምላሶች፣ በኔ ወረቀት፣ በኔ ቋጠሮ፤
አንዱም ምራቅ አልነካውም።
«እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነበር» አለች፤
«ክላርኔቱንም ሸጦታል፤ ወደ ሱቅሽ መምጣት ግን አልተወም።»

ስድስት ዓመት፣ በአሥራ ሁለት፣ በአምስት፤
ሦስት መቶ ስድሳ ምላስ፣ አንድ ቃል ያልወጣበት።

ትርፍ ልበለው? ዕዳ ልበለው?
በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?
ከንፈር አነባለሁ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ፣
«አልተለወጠም» ብዬ በየወሩ የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ሳንቲሙን ቆጥሮ ሲሰጠኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይመልስ ነበር፤
ብርድ መስሎኝ።
«ጉልበትሽስ?» ይለኝ ነበር፤ «ይቺን ደረጃ ተጠንቀቂያት።»

ካርቶኑን ገዛሁት። በሙሉ ዋጋ።
ዝደኔክ አልሰማም።

በሃያኛው ቀን እጄ በልማዱ ካርድ ጻፈ፦
«ምላስህ አልደከመም?»
ቴምብሩን ከለጠፍኩ በኋላ ነው ስሙን ያየሁት።
መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት።

ደወሉ ጮኸ። ራዲም ነው፣ ጸጉሩ በስብሶ።
ፈተና ደርሷል።
አራት።